ከላይ ወደ ታች መቅረጫ ስታንድ፦ የጋራ ፕሮፖዛሉን እንጨርስ

ፀሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ረቂቅ ይኸው። ማኅበሩ ከላይ ወደ ታች መቅረጫ ስታንድ፣ ማለትም ካሜራን ከሥራው በላይ አንጠልጥሎ የሚይዝ ማቆሚያ፣ አሠርቶ ለአባላት በየተራ ያውስ ነው የሚለው። ምግብ፣ ጥልፍና ስዕል በቪዲዮ የምትቀርጹ ሁሉ የስታንድ ኪራዩ እንደከበዳችሁ ደጋግማችሁ ነግራችሁናል። ለጊዜው ያሰብነው አንድ ቋሚና ካሜራው የሚንጠለጠልበት አንድ ክንድ ያለው ነው። ያልተዋጠላችሁን ጻፉ።

ምግብ የምትቀርጸው አባል፦
እኔ ያልተዋጠልኝ ክንዱ ነው። ካሜራው የሚንጠለጠለው ከጋለ ምጣድ በላይ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ እናቶቻችን ጎንበስ ብለው ሊጥ ያዞራሉ። በአንድ ቋሚ ብቻ የቆመ ስታንድ የሰው ክርን ከነካው ይዘምማል። እንደ ጎል ሁለት እግር ኖሮት ምጣዱን የሚሻገር ይሁን። የ60 ሳንቲ ሜትር ምጣድ በ16፡9 (በተለመደው የቪዲዮ ወርድና ቁመት ምጣኔ) ሙሉው እንዲታይ የምስሉ ወርድ ቢያንስ 107 ሳንቲ ሜትር መሸፈን አለበት። ብዙዎቻችን በያዝነው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ 18 ላይ ሲሆን 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይበቃል። ሌንሱ 50 ላይ ከሆነ ከ2 ሜትር በላይ መውጣት አለብን፤ ጣሪያው አይፈቅድም። ደግሞ አክንባሎው ሲነሳ እንፋሎቱ ቀጥ ብሎ ሌንሱን ያለብሰዋል፤ የካሜራው መያዣ አግዳሚው ላይ ወደ ጎን ይንሸራተት።

ሰብሳቢ፦
በሁለት እግሩ እስማማለሁ። ግን ፒቪሲ ቱቦ አይረክስም? ከአራት ኪሎ ፒያሳ በሚኒባስ የሚጓዝ ዕቃ መሆኑም አይረሳ።

የብየዳ ሥራ ያለው አባል፦
ጋሼ፣ ፒቪሲ ለስልክ ይሆናል። ካሜራ ከነሌንሱ ሲጫንበት መሃሉ ይጎብጣል፤ ጠረጴዛ በተነካ ቁጥርም ምስሉ ይንቀጠቀጣል። 25 በ25 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ይሁን። አንዱ ብረት 6 ሜትር ነው፦ ሁለት እግር በ1.80፣ አግዳሚው 1.20፣ ሁለት መቆሚያ በ60 ሳንቲ ሜትር። ልክ አንድ ብረት ይጨርሳል። ለማዕዘኑ ማጠናከሪያ የሚሆን የላሜራ ቁራጭ ምናለሽ ተራ ይገኛል። ለሚኒባሱ እግሮቹን መሃል ላይ ቆርጠን፣ 20 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ውስጥ ለውስጥ አስገብተን በብሎን እናጠብቃለን።

አንድ ነገር ግን አደራ። የካሜራ ብሎን የሩብ ኢንች ነው፣ በአንድ ኢንች 20 ጥርስ። ሱቅ ውስጥ «ያው ነው» ተብሎ የሚሰጠው የ6 ሚሊ ሜትር ብሎን ሲያዩት ይመሳሰላል፤ ውፍረቱ ግን 6.35 ሳይሆን 6 ነው፣ ጥርሱም አይገጥምም። ላልቶ ይይዝና ካሜራውን ይጥላል፣ በግድ ከጠበቀም የካሜራውን ጥርስ ይበላል። ርዝመቱም ካሜራው ውስጥ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይገባ በሮንዴላ (ከብሎኑ ሥር በሚገባ ቀለበት) ይለካ።

መብራት የሚሠራው አባል፦
መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሹተሩ (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ሆኖ ቢቀረጽ የአምፖሉ መርገብገብ አይታይም። የአጠቃቀም መመሪያው ላይ ይግባ።

ፀሐፊ፦
አንቀጹን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «ማኅበሩ ባለ ሁለት እግር፣ ተፈታቶ የሚጓዝ፣ የካሜራ መያዣው የሚንሸራተት የቱቦላሬ ስታንድ ያሠራል። ካሜራው ከብሎኑ በተጨማሪ በመጠባበቂያ ገመድ ከአግዳሚው ጋር ይታሰራል። ተዋሹ ከመቅረጹ በፊት በውሃ ልክ ያስተካክላል።» ገመዱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ከሥሩ ሰው ስላለ አይቀነስብኝ። ዋጋ ያልሞላሁት በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ነው፤ ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልገናል። መርካቶ የምትወርዱ ስማችሁን እዚሁ አስመዝግቡ።