እናቴን ነገ ከሆስፒታል ውሰዱ ተባልን

ጥያቄ

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የመርሳት በሽታ ያለባት የ81 ዓመት እናቴ በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተኝታ ከገባች ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። ከዚያ በፊት በራሷ ትበላ፣ ስንደግፋትም መታጠቢያ ቤት ድረስ ትሄድ ነበር፤ አሁን ግን ሌሊቱን ስትጮኽ ታድራለች፣ እኔን በሟች እኅቷ ስም ትጠራኛለች፣ ከአልጋም መነሣት አቅቷታል። ዛሬ ጠዋት ነገ እንደምትወጣ ተነግሮኝ አንድ ወረቀት ፈረምሁ። እኔ ቀን እሠራለሁ፣ ወንድሜ ሌሊት። አልችልም ማለት እችላለሁ?

መልስ 1

ነርስ ነኝ። የገለጹት ድንገተኛ ለውጥ በኢንፌክሽን፣ በሰውነት ውኃ ማነስ ወይም በአንዳንድ መድኃኒቶች የሚመጣው ዴሊሪየም (ድንገተኛ የአእምሮ መደናገር) ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከመርሳት በሽታው የተለየ ነው፣ መንሥኤው ሲታከምም ብዙ ጊዜ እየተሻለ ይሄዳል። ሐኪሙ እናትዎን ያወቃቸው ታመው ነውና፣ ቀድሞ እንዴት እንደነበሩ ሊነግሩት የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። አዲስ የተጀመረ የማረጋጊያ ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ካለም ይጠይቁ። በሜሪላንድ ሕግ ሆስፒታሉ የአስታማሚውን ስም መዝግቦ፣ በቤት የሚደረገውን እንክብካቤ ከመውጣታቸው በፊት ሊያስረዳዎት ይገባል። አስተርጓሚም በነፃ ይቀርባል፤ እባክዎ፣ ልጆች እንዲያስተረጉሙ አያድርጉ።

መልስ 2

አባቴን አስታምሜአለሁ። የፈረሙት የሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) የመብት ማስታወቂያ ከሆነ፣ ፊርማዎ ወረቀቱን መቀበልዎን እንጂ በመውጣታቸው መስማማትዎን አያሳይም። የይግባኝ ስልክ ቁጥር በላዩ አለ፤ ከሆስፒታሉ ሳይወጡ፣ ቢዘገይ እስከ መውጫው ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ መደወል ይቻላል። የሆስፒታሏን ሶሻል ወርከርም እናትዎ የተመዘገቡት ተኝቶ በመታከም ይሁን በኦብዘርቬሽን (ሆስፒታል ቢያድሩም ለክትትል ብቻ) ይጠይቋት። መደበኛው ሜዲኬር ለሪሃብ (ከሆስፒታል በኋላ ተኝተው ለሚያገግሙበት ተቋም) የሚከፍለው ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ቀን ተኝቶ ለታከመ ሰው ሲሆን፣ የኦብዘርቬሽን ሌሊት አይቆጠርም፤ እኛ ይህን ያወቅነው ሂሳቡ ሲመጣ ነው። ደንቡ ከተሟላ የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ያለ ክፍያ ናቸው፣ ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን ግን በየዕለቱ ድርሻ ይከፈላል። ሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል የመድን ድርጅት በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር) ካላቸው ደንቡ ይለያያል። «እናቷን ጣለቻት» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን ሪሃብ እግራቸው እስኪጸና የሚቆዩበት ነው፣ ቢወድቁብዎ የሚያነሣ ሐሜተኛ የለም።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱ እንዳላችሁት ሆኖ ስላገኘሁት ደውዬ ይግባኝ ጠይቄአለሁ። ለሐኪሙም ከሁለት ሳምንት በፊት ልጆቻችንን ስትመርቅ የቀረጽናትን ቪዲዮ አሳየሁት፤ አስተርጓሚው ምርቃቷን ሲነግረው ዝም ብሎ ሰማና እንደገና እንዲከፈትለት ጠየቀ።