ለሥራ ፈላጊዎች ሥልጠና የጋራ ዕቅድ፦ መጀመሪያ ምን እንለካ?

ጸሐፊ፦ ሁለተኛው ረቂቅ ይኸው። በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ሥልጠና ከመስጠታችን በፊት፣ ወጣቶቹ ሥራ ለመፈለግ በችሎታቸው ምን ያህል እንደሚተማመኑ እንለካ ይላል። መነሻችን የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሶልበርግና ባልደረቦቹ በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጡት መለኪያ ነው። በ35 ጥያቄዎች ሥራ ማፈላለግን፣ ቃለ መጠይቅን፣ ከሰው ጋር መተዋወቅንና የራስን ዝንባሌ ማወቅን ይፈትሻል።

ሒሳብ ያዥ፦ ልጄ፣ ሠላሳ አምስት ጥያቄ ማን ተቀምጦ ይሞላል? ደግሞስ ሁሉም «እችላለሁ» ቢለን ምን ልናደርግ ነው? ገንዘቡ ለትራንስፖርታቸው ቢውል ይሻላል።

መምህር፦ ጋሼ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። «በራስህ ትተማመናለህ?» ከተባለ እምቢ የሚል የለም። ለዚህም ነው ሰው በችሎታው መተማመኑን ያጠናው የሥነ ልቦና ምሁር ባንዱራ ጥያቄው አንድን ተግባር ለይቶ ይጥቀስ፣ ክብደቱም ከቀላል ወደ ከባድ ይሂድ ያለው። «ማስታወቂያ አንብቤ ማመልከት እችላለሁ» ቀላል ነው። «ማስታወቂያ ያላወጣ ፋብሪካ ሄጄ፣ ጥበቃው ‹ማንን ፈልገህ ነው?› ሲለኝ ሳልመለስ የሰው ኃይል ኃላፊውን ማነጋገር እችላለሁ» ሲባል ግን ብዙው እስክሪብቶውን አንሥቶ ያስባል።

የሴቶች ተወካይ፦ አንድ ነገር ይጨመር። ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትኖር ልጅ «ዋስ ማቅረብ እችላለሁ» ለሚለው ዜሮ ብትሰጥ በራሷ ስላልተማመነች አይደለም፤ ዋስ የሚሆናት ሰው ስለሌላት ነው። ይህን ሥልጠና አይፈታውም። የዋስ፣ የመታወቂያና የታክሲ ገንዘብ ጥያቄዎች በሌላ ገጽ ይሁኑ፣ ነጥባቸውም ከመተማመኑ ጋር አይደመር። መጠይቁ በአፋን ኦሮሞም ይዘጋጅ፤ በአካባቢያችን ያለ እሱ የሚሆን አይደለም።

መምህር፦ እስማማለሁ። ጥያቄዎቹን ከለወጥን ግን ውጤታችንን ከሌሎች አገሮች ጥናት ጋር ማነጻጸር እንደማንችል በዕቅዱ ይጻፍ። ከሥልጠናው በፊት፣ በኋላና ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ መጠይቅ እናስሞላቸው። ቃለ መጠይቅ ምን እንደሆነ ያላየ ሰው መጀመሪያ ከፍተኛ ነጥብ ለራሱ ሰጥቶ፣ ልምምዱን ሲያይ ሊቀንስ ይችላል። ያን ጊዜ ሥልጠናው ከሸፈ ብለን እንዳንደናገጥ።

ሒሳብ ያዥ፦ እንዲህ ከሆነ ይሁን፤ ነገር ግን ከአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ አይለፍ። ስምም አይጻፍበት፣ በቁጥር ይለይ። ሰልጣኝ የምንመርጥበት ከመሰላቸው ሁሉም ነጥቡን ይሰቅሉታል።

ሰብሳቢ፦ ይህ ሁሉ ረቂቁ ውስጥ ይግባ። መምህራችን ጥያቄዎቹን ወደ 16 ያውርዱልን፣ ከየክፍሉ አራት አራት። እሑድ ከዕድሩ ስብሰባ በኋላ ለጥቂት ወጣቶች ሰጥተን የቱ ጋ እንደሚቆሙ እንይ። የፎቶ ኮፒውን ዋጋ ማን ይጠይቅልን?