እህቴ በጥጥ ብናኝ ታማለች፤ የሐኪም ማስረጃ ከየት ይገኛል?

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ልደታ አካባቢ ነው። ታላቅ እህቴ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ጥጡ ከመፈተሉ በፊት በማሽን በሚነደፍበት ክፍል፣ ከዐሥር ዓመት በላይ ሠርታለች። ከክፍሎቹ ሁሉ ብናኝ የሚበዛበት እዚያ ነው። ሲጋራ አጭሳ አታውቅም።

መጀመሪያ ላይ ደረቷን ጨምድዶ የሚይዛት ሰኞ ሰኞ ነበር፤ እሑድ አርፋ ስትመለስ ይብስባትና ሳምንቱ ሲጋመስ ይቀልላት ነበር። አሁን ግን ቀኑ ሁሉ ሰኞ ሆኖባታል። የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ስትወጣ በየፎቁ ትቆማለች።

በአክታዋ ሳንባ ነቀርሳ አልተገኘም፤ ራጅዋም ንጹሕ ነው ተባለ። ፋብሪካው ይህን ይዞ «ሕመምሽ ከሥራሽ ጋር አይገናኝም» አላት። በዚህ በጣም አዝኛለሁ። ቢሲኖሲስ የሚባለው የጥጥ ብናኝ ሕመም በራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፤ የሚለየው በሥራ ታሪክና በስፒሮሜትሪ፣ ማለትም በትንፋሽ መለኪያ ነው፤ በተለይ ከዕረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ፈረቃ፣ ከሥራ በፊትና በኋላ ሲለካ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ከሥራ ጉዳት ይቆጥራል፤ የሕክምና ወጪውንም አሠሪው እንዲሸፍን ያዛል። ለዚህ ግን የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል። የመረመራት ሐኪም «አስም» ብሎ ጻፈ እንጂ መንስኤውን ለመጥቀስ ፈቃደኛ አልሆነም።

የቅጥር ደብዳቤዋ፣ የሠራችበትን ክፍል የሚያሳይ ወረቀትና የራጅ ፊልሙ በእጃችን ናቸው። መሃል አዲስ አበባ ውስጥ ስፒሮሜትሪ ሠርቶ፣ የሥራ ታሪኳን አይቶ፣ ሕመሙ ከሥራዋ የመጣ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ የሚሰጥ ሐኪም ወይም የሐኪሞች ቦርድ የት እናገኛለን?