መካኒካል ኪቦርድ ልትገዙ ነው? መብራቱን ተዉትና ይህን ሞክሩ

ከደሴም ከኮምቦልቻም «መካኒካል ኪቦርድ የቱ ይሻላል?» የምትሉ በዝታችኋልና የኔን ጥቆማ ጀባ ልበላችሁ። መካኒካል ማለት እያንዳንዱ ቁልፍ ሥሩ የራሱ ስዊች (መጫኑን የሚያስተላልፍ ማብሪያ) ያለው ነው።

ለጽሕፈት ሥራ ከሆነ ብዙ አትጨነቁ። አማርኛ በድምፅ አጻጻፍ (ለምሳሌ «ለ»ን በ l እና e) ስንመታ አብዛኛው ፊደል ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል። ጣቱ የፈጠነ ሰው የመጀመሪያውን ሳይለቅ ሁለተኛውን ይደርባል። ለዚህ ሲክስ ኪ ሮልኦቨር፣ ማለትም 6 ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫኑ ሁሉንም የሚቀበለው፣ በቂ ነው፤ ይተርፋልም። ኤን ኪ (የፈለጉትን ያህል ቁልፍ አንድ ላይ የሚቀበል) የሚለውን ጽሑፍ አይታችሁ ብር አትጨምሩ።

ጌም ቤት ያላችሁ ግን ስሙኝ። ሁለት ልጅ በአንድ ኪቦርድ ኳስ ሲጫወት አንዱ በሰያፍ ይሮጣል (2 ቁልፍ)፣ ፍጥነት ይጨምራል፣ ይመታል። ይኸው 4 ቁልፍ። ሌላውም እንዲሁ ካደረገ 8 ሆነ። ርካሹ ኪቦርድ እዚህ ላይ ይዘጋል፤ ኳሷ አልመታም ትላለች፣ ልጆቹም ይጣላሉ። ምክንያቱ ውስጡ ነው። ቁልፎቹ በረድፍና በዓምድ የተሳሰሩ ናቸው። የአራት ማዕዘን ሦስት ጥግ ሲጫን ኮምፒውተሩ አራተኛውም የተጫነ ይመስለዋል። ጎስቲንግ የሚሉት ይህን ነው። ኪቦርዱ እንዳይሳሳት ብሎ ቁልፉን ጭራሽ ያግደዋል። በየቁልፉ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) ያለው ግን ይህ ችግር የለበትም። ለእናንተ ኤን ኪ ብሩ ይገባዋል።

ካርቶኑ ላይ «19 ቁልፍ አንቲ ጎስቲንግ» የሚል ካያችሁ ደግሞ ጠርጥሩ። የተመረጡት 19 ብቻ ናቸው ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ውስጡ ሜምብሬን፣ ማለትም በየቁልፉ ስዊች ሳይሆን ስስ የፕላስቲክ ንጣፍ ያለው፣ ነው። ሰባት ቀለም መብራት መካኒካል አያደርገውም!

ደሴ ፒያሳም ግቡ አራዳ፣ ሱቁ ውስጥ ሞክሩት። ኢንተርኔት አያስፈልግም። ኖትፓድ ክፈቱ፣ ሁለቱንም ሺፍት ይዛችሁ የእንግሊዝኛ ፊደላቱን በየተራ ምቱ። የሚቀር ፊደል ካለ አወቃችሁት። ከዚያ ጌም ላይ የምትጠቀሙባቸውን የፊደል ቁልፎች በአንድ ጊዜ ተጫኑ፤ ሁሉም መውጣት አለበት። ከአዲስ አበባ የምታስልኩ ከሆነ ላኪው ይህንኑ ሲሞክር ቪዲዮ ይቅረጽላችሁ።

ስለ ስዊች፦ ሰማያዊው ቀጭ ቀጭ ይላል። ዶርም ውስጥ ይዛችሁ ከገባችሁ ጓደኞቻችሁ ያስወጧችኋል። ቀዩ ለስላሳ ነው፣ ለጌም ይመቻል። ቡናማው መሃል ላይ ትንሽ እብጠት አለው፤ ለሚጽፍ ሰው እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ከስም ሬድራጎን ኬ552 ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ግን 87 ቁልፍ ብቻ ስለሆነ በስተቀኝ ያለው የቁጥር ክፍል የለውም። ሒሳብ ሠራተኛ ከሆናችሁ 104ቱን ፈልጉ። ኪክሮን ብሩ ከፍ ይላል፤ ሆትስዋፕ የሆነውን ከያዛችሁ ግን ስዊች ሲበላሽ ነቅላችሁ ትተካላችሁ። ሆትስዋፕ ያልሆነውን ብየዳ የሚችል ሞባይል ጠጋኝ ይቀይርላችኋል። ለኮምቦልቻ አቧራ ደግሞ ካፑን (የቁልፉን ክዳን) ነቅሎ በብሩሽ መጥረግ ነው።

የማያስሞክር ባለሱቅ ካጋጠማችሁ አትከራከሩ፤ አልፋችሁ ቀጣዩን አንኳኩ።