ትራያል የት ይመዝገብ? ጥቆማ ፈልጌ ነበር

ሰላም ቤተሰብ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ የማስተርስ ተማሪ። ነፍሰ ጡር እናቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍለን ለግማሾቹ የክትትል ቀናቸውን በስልክ መልእክት እናስታውሳለን። መድኃኒት የሚባል ነገር የለበትም። በጀቴ የፎቶ ኮፒና የታክሲ ነው። አማካሪዬ «ትራያሉን አስመዝግቢ» ብለውኝ ሄዱ። የት? በስንት ብር? የኤቲክስ (የምርምር ሥነ ምግባር) ፈቃድ ካገኘሁ አይበቃም እንዴ?

— እህቴ፣ አይበቃም። የኤቲክስ ኮሚቴው እንድትሠሪ ይፈቅድልሻል። ምዝገባው ግን ምን ልትለኪ እንዳሰብሽ ውጤቱን ሳታዪ ለሰው ሁሉ የምትናገሪበት ነው። መድኃኒት ባይኖርም ሰዎችን በቡድን መድበሽ ለጤናቸው የሆነ ነገር እስከሞከርሽ ድረስ ትራያል ነው። መድኃኒት ቢኖርበትማ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድም ይጨመርብሽ ነበር።

ብሩን አታስቢ። ለአንቺ ዓይነት ጥናት እኔ ፓክተርን ነው የምመርጠው፤ የአፍሪካ የክሊኒካዊ ሙከራዎች መዝገብ ማለት ነው። ኬፕታውን፣ የደቡብ አፍሪካ የሕክምና ምርምር ካውንስል ጋ ነው ያለው። መጀመሪያ ለኤችአይቪ፣ ለቲቢና ለወባ ብቻ ነበር። በ2009 (በፈረንጅ) ለሁሉም በሽታ ተከፈተ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ዋና መዝገብ ብሎ ተቀበለው። ክፍያ የለውም። የኤቲክስ ደብዳቤሽን ስካን አድርገሽ ያዢ።

ክሊኒካልትራያልስ ዶት ጎቭ የሚባለው መዝገብም ነጻ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው የሚያስተዳድረው። ስፖንሰርሽ አሜሪካዊ ከሆነ እዚያው ይሻላል። አካውንቱ ብዙውን ጊዜ የተቋም ስለሆነ መጀመሪያ የምርምር ቢሮውን ጠይቂ። እኔ ስጠይቅ «አለን» አሉኝ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ግን ለትምህርት ውጭ ሄዷል! እሱን በቴሌግራም ፍለጋ ሁለት ሳምንት ሄደ።

እዚያ ያሉ ገምጋሚዎች ደግሞ ችክ ይላሉ። «የክትትል መሻሻል» ብለሽ ብትጽፊ ይመልሱልሻል። «እናቲቱ እስክትወልድ ድረስ ያደረገቻቸው የእርግዝና ክትትሎች ብዛት፣ ከካርዷ የተወሰደ» በያቸው። ምን እንደሚለካ፣ በምን፣ እስከ መቼ። እውነቱን ለመናገር፣ ፕሮቶኮሌ (የጥናት ዕቅዴ) ላይ ያልታየኝን ቀዳዳ ያሳየኝ ይሄ ጭቅጭቅ ነው።

የእንግሊዙ መዝገብ አይኤስአርሲቲኤን ጥሩ ነው፣ ግን ያስከፍላል፤ ያውም በፓውንድ። ከፋይ ከሌለሽ እለፊው። ሁለት ቦታ መመዝገብም አያስፈልግም፤ አንድ ጥናት ሁለት መስሎ ይታያል።

— እኔም አንድ ነገር ልጨምር። ቀን! በፈረንጆቹ መስከረም 2020 መጨረሻ የጀመርነውን ጥናት ከስምምነት ቅጹ ላይ ገልብጬ «2013» ብዬ ሞላሁት። በእኛ አቆጣጠር ልክ ነኛ። መዝገቡ ላይ ግን ጥናታችን ከመመዝገቡ 7 ዓመት በፊት የተጀመረ መሰለ። አረምነው፤ የድሮው እትም ግን አይጠፋም፣ ማንም ገብቶ ያየዋል። የጆርናሉ ኤዲተር አየውና ጠየቀን። ስለ 13 ወር አቆጣጠር አንድ ሙሉ ገጽ ደብዳቤ ጻፍን።

— አመሰግናለሁ፣ ሁለታችሁም። ፓክተር ላይ ልጀምር ነው። ግን አማካሪዬ «ሥራው ሰኞ ይጀመር፣ ምዝገባው ጎን ለጎን ይሄዳል» እያሉኝ ነው። ይቻላል?

— መዝገቡ ዘግይተሽም ብትመጪ ይቀበልሻል፤ ቀኑ ግን ያጋልጥሻል። ችግሩ ጆርናሎቹ ጋ ነው። የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ከ2005 ጀምሮ የመጀመሪያዋ ተሳታፊ ከመግባቷ በፊት ወይም ስትገባ ያልተመዘገበ ትራያል አላትምም ብሏል። አንድ ዓመት ለፍተሽ የምትልኪበት እንዳታጪ።

— እና ሰኞን ምን ላድርግ?

— የምዝገባ ቁጥሩ እጅሽ እስኪገባ ሥራውን አስቁሚ። ለአማካሪሽ ይህን መልእክት አሳያቸው፣ በእኔ አሳብቢ።