የደላላው ጠበቃ ይበቃኛል ወይስ የራሴን ልያዝ?

የጀሞ ፈላጊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ኩዌት ነው የምትሠራው። ዘጠኝ ዓመት ባጠራቀመችው ብር ጀሞ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ልንገዛ ነው። ቤቱን አየሁት፣ ወደድኩት፣ በዋጋም ተስማማን። ባለቤቱ ግን አሜሪካ ነው አሉኝ፣ የሚሸጥልኝ ውክልና የያዘ የአጎቱ ልጅ ነው። ደላላው ደግሞ «ጠበቃ እኛ ጋ አለ፣ ለሁለታችሁም ይሠራል፣ አንተ አምስት ሳንቲም አታወጣም፣ ቅዳሜ ቀብዱን ይዘህ ና» ይለኛል። በራሴ ሁለት ጠበቆች አናግሬ ነበር። አንዱ የቤቱን ዋጋ 2 በመቶ ጠየቀኝ፣ አንዷ ቁርጥ 45 ሺህ ብር። በነጻ የሚሠራ እያለ ይህን ማውጣት አለብኝ? ካለብኝስ የቱን ልምረጥ?

ማሚ አያት፦
ወንድሜ በእግዚአብሔር፣ ቅዳሜ እንዳትሄድ! እኔ አያት አካባቢ ስገዛ እንዳንተው ደላላው ባመጣው ሰው ነው የተዋዋልኩት። ሱፍ የለበሰ፣ የሕግ አንቀጽ በቁጥር የሚጠራ። ውሉን እዚያው ደላላው ቢሮ ጻፈው፣ ሦስት ምስክር ፈረመ፣ እኔም 400 ሺህ ቀብድ ሰጠሁ። ውልና ማስረጃ የምንሄድበት ቀን ሲደርስ የሻጩ ሚስት አልፈርምም አለች፣ ለካ ተጣልተው ፍርድ ቤት ናቸው። ሰውየው ጋ ስደውል «እኔ እኮ ውል ጻፍኩ እንጂ ሌላ ምን አገባኝ» አለኝ። በኋላ ስናጣራ ጠበቃም አይደለም፣ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ብሬን ለማስመለስ ዓመት ከአራት ወር ተመላለስኩ፣ እሱም ተሸራርፎ ነው የመጣው። ስለዚህ መጀመሪያ የጥብቅና ፈቃዱን አሳየኝ በል። ያኮረፈ ያኩርፍ።

ቆጣቢው፦
ኧረ ልጁን አታስፈራሩት። እኔ ሁለት ቤት ያለ ጠበቃ ገዝቻለሁ። ውልና ማስረጃ ራሳቸው ካርታውን ያያሉ፣ እገዳ ካለ ያያሉ፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ ካላመጣህ አያስፈርሙህም። 45 ሺህ ብር እኮ ቁም ሳጥን ይገዛል።

ጥቁር ካባ፦
ጥብቅና ላይ ያለሁ ነኝ፣ ሥራ ፍለጋ እንዳይመስልብኝ በውስጥ መስመር አትጻፉልኝ።

ቆጣቢው ያለው ውሸት አይደለም። ግን ውልና ማስረጃ የሚያየው ልትፈርም ስትሄድ ነው፣ ቀብዱ ደግሞ ከዚያ በፊት ከእጅህ ወጥቷል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ተቀብሎ ያፈረሰ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ደስ ይላል አይደል? የቤት ሽያጭ ግን በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ ዘንድ መደረግ አለበት (አንቀጽ 1723)፣ ደላላ ቢሮ በተጻፈ ወረቀት እጥፉን አስከብራለሁ ስትል ነው መከራው የሚጀምረው።

አንተ ጋ ከሁሉ በፊት የሚያሳስበኝ ውክልናው ነው። ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም፣ መሸጥ ተብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። የተሻረም ሊሆን ይችላል። ወካዩ ከሞተ ደግሞ ውክልናው አብሮት ይሞታል፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ማኅተም ግን አይለወጥም። ስለዚህ ጠበቃ ስታናግር «ስንት ዓመት ሠራህ» ከማለት «ክፍለ ከተማ ሄደህ ፋይሉን ራስህ ታያለህ? ውክልናው መኖሩንና አለመሻሩን ታጣራለህ?» በለው። ወረቀቱን አምጣና አያለሁ ካለህ አመስግነህ ውጣ። ጀሞ የቆየ ሳይት ስለሆነ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ የሚከለክለው ደንብ ብዙም አያሰጋህም፣ የባንክ ዕዳው ተከፍሎ ማለቁን የሚያሳይ ክሊራንስ ግን ጠይቅ።

ስለ ክፍያው፣ እኔ ብሆን ቁርጥ የጠየቀችውን እይዛለሁ። በመቶኛ የሚከፈለው ቤቱ ካልተሸጠ ምንም ስለማያገኝ ልቡ ከደላላው ጋር ነው። አንተ የምትፈልገው ደግሞ «ይህን ቤት ተወው» ለማለት የማይሳሳ ሰው ነው። ለሻጭም ለገዢም እቆማለሁ የሚለውንማ ተወው፣ ለማን እንደቆመ የምታውቀው ስትጣሉ ነው።

ሄዋን ከሻርጃ፦
ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ፣ ቤቱ የሚገዛው በማን ስም ነው? ብሩ የእህትህ ነው። አንተ ባለትዳር ከሆንክና በስምህ ከገዛኸው ነገ የጋራ ንብረት ነው ተብሎ ክርክር ቢነሳ እሷ ዘጠኝ ዓመቷን በምን ታስረዳለች? ክፉ አስበህ ነው አላልኩም፣ የኔም ወንድም ክፉ አልነበረም። ውክልና በኤምባሲ በኩል ትላክልህ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠው፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይግባ። ቀናት ይፈጃል፣ ይፍጅ። ጠበቃዋንም እህትህ ራሷ ደውላ ታናግራት፣ ደንበኛዋ እሷ ናት።

የጀሞ ፈላጊ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሄዋን፣ እውነትሽን ነው፣ አግብቻለሁ፣ በስሜ ልናደርገውም ነበር። ለእህቴ ያልሽውን አነበብኩላት፣ ዝም አለችና «ልጅቷን አመስግንልኝ» አለች። ባለ 45 ሺዋን ይዘናል። የውክልናውን ኮፒ ስልኬ ላይ አሳየኋት። ገና የመጀመሪያው ገጽ ላይ እያለች «የተሰጠው ከሰባት ዓመት በፊት ነው፣ ሰውየው በሕይወት አለ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ደላላው ጋ ደወልኩ፣ «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው» ብሎ ተቆጣ፣ የባለቤቱን ስልክ ግን እስካሁን አልሰጠኝም። የቅዳሜውን ሰርዘነዋል። ሰኞ ጠዋት ከሷ ጋር ክፍለ ከተማ እንሄዳለን።