ኮማንደርስ በ2026 ሲዝን ስንት ጨዋታ ያሸንፋል?

ጠያቂ፣ ስፕሪንግፊልድ ቨርጂኒያ

ሰላም ለዚህ ቤት። የ2026 ማርች ሊገባ ነው፣ እዚህ አካባቢ የሥራ ቦታ ወሬ ሁሉ የዋሽንግተኑ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ኮማንደርስ ሆኗል። በ2024 የሊጉ ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውል ደጃፍ የደረሰ ቡድን በ2025 አምስት ብቻ አሸንፎ 12 ተሸነፈ። በአንድ ዓመት እንዲህ የሚያወርደው ምንድን ነው? ለ2026ስ ተስፋ አለው? የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ለለመደ ሰው በሚገባ መንገድ አስረዱኝ። ጨዋታውን ሳይከፍሉ ማየት የሚቻልበት መንገድም ካለ ጠቁሙኝ።

ከላንዶቨር

ቡድኑ በ2024 የታየውን ያህል ጎበዝ አልነበረም፣ በ2025ም የታየውን ያህል ደካማ አልነበረም። መጀመሪያ ይህን ካልያዝን ግምታችን ሁሉ ይበላሻል።

የ2024ን 12 ድል ዘርዝረህ እያቸው። ቺካጎን 18 ለ15 ያሸነፉት ሰዓቱ ባለቀበት የመጨረሻ ውርወራ ነው፤ ጄይደን ዳንኤልስ የወረወረው ኳስ በሰው እጅ ተነክቶ የቡድን ጓደኛው ኖህ ብራውን እጅ ገባ፣ 52 ያርድ። ፊላደልፊያን 36 ለ33 ያሸነፉት ስድስት ሰከንድ ሲቀር ነው። አትላንታን በጭማሪ ሰዓት 30 ለ24። በ2025 ያው ሳንቲም በሌላ ጎኑ ወደቀ፦ በቺካጎ 25 ለ24፣ ማድሪድ ላይ በማያሚ በጭማሪ ሰዓት 16 ለ13፣ በዴንቨር እንደገና በጭማሪ ሰዓት 27 ለ26። ሦስቱም ተከታታይ ስምንት ሽንፈት ባስቆጠሩበት ወቅት ውስጥ ናቸው። ሲዝኑ 17 ጨዋታ ብቻ ነው፤ የሦስት ጨዋታ ዕድል በፕሪሚየር ሊግ ስሌት ከስድስት ጨዋታ በላይ ይመዝናል።

ይህን ስል ግን ሁሉም ዕድል ነው ማለቴ አይደለም። ሲያትል 38 ለ14፣ ሚኒሶታ 31 ለ0 ያሸነፉት ቡድን ዕድል ያጣ ሳይሆን የተሰበረ ቡድን ነበር።

የሰበረው ጉዳት ነው። ዳንኤልስ ኳርተርባክ ነው፣ ማለትም እያንዳንዱን ጥቃት የሚጀምረው ሰው። በ2025 ከ17 ጨዋታ የተሰለፈው በ7ቱ ነው። መጀመሪያ ጉልበቱ፣ ቀጥሎ የጭኑ የኋላ ጡንቻ፣ ኖቬምበር 2 ላይ ደግሞ የግራ ክርኑ ወለቀ። ክርኑ የወለቀው ቡድኑ 38 ለ7 እየተመራ፣ ጨዋታው አልቆለት ሳለ ነው። እስካሁን ደጋፊውን የሚያንገበግበው ይህ ነው፤ ማውጣት የሚገባቸውን ሰው ሜዳ ላይ አቆዩት፣ አሰልጣኙ ዳን ክዊንም ኃላፊነቱን ወስዷል።

ከአሌክሳንድሪያ

ወንድሜ ላንዶቨር ያልነካውን ልጨምር፤ የቡድኑ ዕድሜ። ቦቢ ዋግነር 35፣ ዛክ ኧርትዝ 35፣ ቮን ሚለር 36። በዚህ ስፖርት 30 ዓመት ማለት በእግር ኳስ 34 እንደማለት ነው። ኧርትዝ በዲሴምበር የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ፣ ኦስቲን ኤክለር ገና በሁለተኛው ሳምንት የተረከዝ ጅማቱ ተቆረጠ፣ ማርሾን ላቲሞር በኖቬምበር ጉልበቱ ሄደ። በዕድሜ የገፋ ተጫዋች በአንድ ዓመት ውል ርካሽ ነው፤ ግን በ2025 ብዙዎቹ አንድ ላይ ወደቁ።

ለጠያቂው፦ እዚህ እንደ አውሮፓ ገንዘብ ያለው ክለብ የፈለገውን አይገዛም። ሁሉም ቡድን ለደመወዝ የሚያወጣው ጣሪያ አለው፣ ሳላሪ ካፕ ይባላል። በ2025 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ለ2026 ከ300 ሚሊዮን በላይ ነው። ጆሽ ሃሪስ ቡድኑን በ2023 በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ቢገዛውም ከጣሪያው በላይ አንድ ተጫዋች ሊጨምር አይችልም። ስለዚህ ጥያቄው ማን ሀብታም ነው ሳይሆን ማን ለጥሩ ተጫዋች ትንሽ እየከፈለ ነው የሚለው ነው።

የኮማንደርስ ትልቁ ሀብትም እዚያ ላይ ነው። ዳንኤልስ በ2024 ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት፣ ሁለተኛ ሆኖ የተመረጠ ስለሆነ ክፍያው በደንብ የተወሰነ ነው፤ በ2026 ከጣሪያው የሚወስደው 10 ሚሊዮን ገደማ ነው። በደረጃው ያሉ ኳርተርባኮች በአማካይ በዓመት 50 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ይፈርማሉ። ከ2026 ሲዝን በኋላ አዲስ ውል መደራደር ይፈቀድለታል። ርካሹ ጊዜ እያለቀ ነው፤ ተከላካይ መግዣው ገንዘብ አሁን ነው ያለው።

ገበያው ማርች 11 ከቀኑ 10 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) በይፋ ይከፈታል። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ግን ወኪሎች መነጋገር ስለሚፈቀድላቸው ዋናው ሁሉ ያኔ ያልቃል። ስም አትከተሉ፣ ዕድሜ ተመልከቱ፦ 25፣ 26፣ 27 ዓመት የሆኑ ፓስ ረሸሮችና ላይንባከሮች (ኳርተርባኩን የሚያሳድዱና መሐሉን የሚዘጉ ተከላካዮች) ከፈረሙ ቡድኑ ትምህርት ወስዷል ማለት ነው። እንደገና 33 ዓመት የሞላቸውን በአንድ ዓመት ውል ከሰበሰቡ እኔ ተስፋዬን እጥፋለሁ።

ድራፍቱ ኤፕሪል 23 ፒትስበርግ ላይ ይጀምራል፣ ኮማንደርስ 7ኛ ተራ አለው። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ምርጫ የለውም፤ ላርሚ ተንሲልን ከሂውስተን ሲያመጡ ሰጥተውታል። ተንሲል የኳርተርባኩን ጀርባ የሚጠብቅ ሰው ስለሆነ ዋጋው አያስቆጭም፣ ነገር ግን በ7ኛው ምርጫ መሳሳት አይቻልም።

እህት ከሲያትል

ከሻምፒዮኖቹ ከተማ ሰላምታ! ሱፐር ቦውሉን 29 ለ13፣ ኒው ኢንግላንድን። አልፎከርኩም፣ ለመረጃ ያህል ነው።

የረሳችሁት ነገር የጨዋታ ዝርዝሩ ነው። ቀኑ የሚወጣው በሜይ ቢሆንም ከማን ጋር እንደሚጫወቱ ከአሁኑ ይታወቃል፣ ቀመር አለውና። ስድስቱ ከምድባቸው ጋር ነው፦ ፊላደልፊያ፣ ዳላስና የኒው ዮርኩ ጃያንትስ ሁለት ሁለት ጊዜ። ሊጉ ኤንኤፍሲና ኤኤፍሲ በሚባሉ ሁለት ጎራዎች ይከፈላል፣ ኮማንደርስ ኤንኤፍሲ ውስጥ ነው፦ አራቱ ከኤንኤፍሲ ምዕራብ ምድብ፣ አራቱ ከኤኤፍሲ ደቡብ። የቀሩት ሦስቱ በየምድባቸው እንደ ኮማንደርስ ሦስተኛ ከወጡት ጋር፦ ሚኒሶታ፣ አትላንታ፣ ሲንሲናቲ።

አሁን ቁጥሩን እዩት። በ2025 ከምዕራቡ ሲያትል 14 አሸነፈ፣ የሎስ አንጀለሱ ራምስ 12፣ ሳንፍራንሲስኮ 12። ከደቡቡ ጃክሰንቪል 13፣ ሂውስተን 12። አምስት ባለ 12 ድልና ከዚያ በላይ የሆኑ ቡድኖች፣ በዚያ ላይ ፊላደልፊያ 11። የሚቀልሉት አሪዞናና ቴነሲ ናቸው፣ ሁለቱም ሦስት ሦስት ነው ያሸነፉት። ጃያንትስም አሰልጣኝ ጆን ሃርቦን ስላመጡ እንደ አምናው ሁለቴ በቀላሉ አይሸነፉም። ጥሩ ዜናው በዚህ ዓመት የኤንኤፍሲ ቡድኖች 9 ጨዋታ በሜዳቸው ነው የሚያስተናግዱት፣ አምና 8 ነበር።

ከላንዶቨር

እህቴ፣ ዝርዝሩ ከባድ እንደሆነ አልክድም። የአምና ቁጥር ግን ኮማንደርስን ራሱን 12 ድል ያለው ቡድን ነው ብሎን ነበር፣ ያየነውን አየን።

ከዝርዝሩ ይልቅ እኔ የማየው የአሰልጣኞቹን ለውጥ ነው። የጥቃቱ አለቃ ክሊፍ ኪንግስበሪ ሄደ፣ የመከላከሉ ጆ ዊት ተነሳ። በኪንግስበሪ ቦታ ዴቪድ ብላው ገባ፣ ገና 30 ዓመቱ ነው፣ ከኳርተርባኮቹ ጋር ይሠራ የነበረ። ይህ በዳንኤልስ ጤና ላይ ቀጥተኛ ውጤት አለው፣ እንዲህ ነው፦

በኪንግስበሪ አሠራር ኳርተርባኩ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከመሐል አቀባዩ አምስት ያርድ ያህል ወደኋላ ቆሞ ነው ኳስ የሚቀበለው። ለማየት ይመቸዋል፣ ለመሮጥም። ችግሩ ተከላካዮቹ ኳሷን ከመጀመሪያው ያያሉ፣ ሯጩም ከቆመበት ስለሚነሳ ጉልበት የለውም። ሌላው መንገድ ከአቀባዩ ሥር ቆሞ ኳሱን ተረክቦ፣ ጀርባውን ለተከላካዮቹ ሰጥቶ ለሯጩ የሰጠ መምሰል ነው። መሐል ያሉት ተከላካዮች ለአንድ አፍታ ወደፊት ይሳባሉ፣ ከኋላቸው ክፍት ቦታ ይፈጠራል፣ ኳስ ተቀባዩ ቴሪ መክሎሪን ደግሞ እዚያ ይደርሳል። ኳርተርባኩ በእግሩ ሳይሆን በማታለል ያርድ ያገኛል። ይህም የራሱ ዕዳ አለው፤ ጀርባውን አዙሮ ሲመለስ የተከላካዮቹን አቀማመጥ በግማሽ ሰከንድ እንደገና ማንበብ አለበት። ያ በሁለት ሳምንት ልምምድ አይመጣም፣ ስለዚህ ሴፕቴምበር ላይ ስህተት ብታዩ አትደናገጡ።

ዳንኤልስ በ2024 148 ጊዜ ሮጦ 891 ያርድ አገኘ፣ ለአዲስ ኳርተርባክ ሪከርድ ነው። በጨዋታ ወደ ዘጠኝ ሩጫ ማለት ነው፣ ለቀጭን ልጅ ብዙ ነው። እኔ የምቆጥረው ይህን ነው፤ ወደ አምስትና ስድስት ከወረደ 15 ጨዋታ ሊሰለፍ ይችላል። ሲሮጥም በእግሩ ቀድሞ መንሸራተት መልመድ አለበት፤ ከተንሸራተተ በደንቡ ሊመታ አይችልም፣ የሚከፍለው ሁለትና ሦስት ያርድ ብቻ ነው።

የመከላከሉ አዲስ አለቃ ዳሮንቴ ጆንስ ከሚኒሶታ ነው የመጣው። ሚኒሶታ በብሪያን ፍሎሬስ ሥር ከሊጉ ሁሉ በላይ ብሊትዝ የሚያደርግ ቡድን ነው፣ ማለትም አምስትና ስድስት ሰው ኳርተርባኩ ላይ ይልካል። ይህ የሚሠራው ከኋላ የቀሩት ኮርነሮች፣ ማለትም ኳስ ተቀባዮቹን የሚይዙት የዳር ተከላካዮች፣ ብቻቸውን ሰው መያዝ ሲችሉ ነው። እዚህ ማይክ ሴይንሪስቲልና ትሬይ ኤሞስ አሉ፤ ኤሞስ ደግሞ በኖቬምበር እግሩ ተሰብሮ ነበር። ያለ ኮርነር ብሊትዝ ማብዛት ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው።

ከአሌክሳንድሪያ

ዶሮዋ ላይ እስማማለሁ። ግምቴ 7 ድል።

ከላንዶቨር

እኔ 9 እላለሁ፣ ዳንኤልስ ቢያንስ 14 ጨዋታ ከተሰለፈ። 11 ላይ ቢቀር ከጋሼ ጋር እስማማለሁ፣ 7። ሁለተኛው ኳርተርባክ ማን እንደሚሆን እስኪታወቅ ግን ሁላችንም በጭፍን ነው የምናወራው፤ የማርከስ ማሪዮታ ውል አልቋል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

የማየቱን ጥያቄ ማንም አልመለሰም። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ሰሜን ቨርጂኒያ ላላችሁ ለኮማንደርስ ጨዋታ ምንም መክፈል አያስፈልግም፣ አንቴና ይበቃል። ቻናሎቹ 4 (ኤንቢሲ)፣ 5 (ፎክስ)፣ 7 (ኤቢሲ)፣ 9 (ሲቢኤስ) ናቸው፤ አብዛኛው የእሑድ ጨዋታ ፎክስ 5 ላይ ነው። ሐሙስ በአማዞን ወይም ሰኞ በኢኤስፒኤን የሚተላለፈው ጨዋታም በቡድኑ ከተማ በነጻ ቻናል ይወጣል፣ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ይከፍላል።

አንቴና ስትገዙ የሚያጠፋው ነገር አንድ ነው። መስኮት ላይ የሚለጠፈው ስስ ዓይነት 4ንና 5ን ጥርት አድርጎ ይስባል፣ 7ንና 9ን ግን ይቆራርጣል፤ ሁለቱ የሚላኩት ቪኤችኤፍ በሚባለው ሞገድ ነው፣ ስሱ አንቴና ደግሞ የሚሠራው ዩኤችኤፍ ለሚባለው ሌላ ሞገድ ነው። ካርቶኑ ላይ ቪኤችኤፍ የሚል ያለበትን፣ ሁለት የሚዘረጉ ዘንጎች ያሉትን ውሰዱ። ማሰራጫዎቹ ሰሜን ምዕራብ ዲሲ ስለሆኑ ወደዚያ በሚያይ መስኮት አጠገብ አስቀምጡ፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ቻናል እንደገና እንዲፈልግ አድርጉ። ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር ፍለጋው ይደገም።

ከዚህ አካባቢ ውጭ አሜሪካ ውስጥ ያላችሁ የዩቲዩብ ሰንደይ ቲኬት ያስፈልጋችኋል። አውሮፓና ዓረብ አገር ያላችሁ ጌም ፓስ በዳዞን ላይ አለ።

ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር እንዲህ ነው፦ የእሑዱ የመጀመሪያ ጨዋታ እዚህ ቀን 7 ሰዓት፣ ሁለተኛው ከ10 ሰዓት በኋላ፣ የማታው 2 ሰዓት ከ20። አዲስ አበባ የሚያይ ዘመድ ካላችሁ የ7 ሰዓቱ ለእነሱ ማታ 2 ሰዓት ነው፤ ኖቬምበር 1 እዚህ ሰዓት ሲመለስ ማታ 3 ይሆንባቸዋል። ሲዝኑ የሚጀምረው በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው፣ ፕሌይኦፉ (ጥሎ ማለፉ) ደግሞ በጥምቀት ዋዜማ አካባቢ። ከሕዳር አጋማሽ ጀምሮ የገና ጾም ስለሚገባ ለጨዋታ ሰው የምትጋብዙ ከዶሮ ክንፉ ጎን ሽሮና ሳምቡሳ አስቡ።

ጠያቂ፣ ስፕሪንግፊልድ ቨርጂኒያ

እግዜር ይስጥልኝ። ለልጆቹ አንድ ጨዋታ ሜዳ ገብቶ ማሳየት ቢፈለግ የቱን መምረጥ ይሻላል? መኪና ይሻላል ባቡር?

ከላንዶቨር

የዳላስንና የፊላደልፊያን ተወው፣ ትኬቱ ውድ ነው፣ ግማሹ ሜዳም የእንግዳው ደጋፊ ነው። በ2025 ብዙ ያላሸነፈ ቡድን ወደዚህ የሚመጣበት ጨዋታ ለቤተሰብ ይመቻል። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ይሁን፣ ዲሴምበር ላይ ለልጅ ብርድ ነው። ትኬቱ ስልክ ላይ ነው የሚመጣው፣ በወረቀት የሚሸጥልህን ሰው አትመን።

አዲሱ ስታዲየም ዲሲ ውስጥ የድሮው አርኤፍኬ ስታዲየም ቦታ ላይ በ2030 ይከፈታል ተብሏል፤ እስከዚያ ጨዋታው ላንዶቨር፣ ኖርዝዌስት ስታዲየም ነው። በመኪና ከሄድክ የፓርኪንግ ቦታውን ቀድመህ ግዛ፣ ሲያልቅ ግን ለመውጣት ረጅም ጊዜ ትቆማለህ። በባቡር ከፍራንኮኒያ ስፕሪንግፊልድ ብሉ ላይን ይዘህ ያለ ቅያሬ ሞርጋን ቡለቫርድ ትወርዳለህ፣ ከዚያ በእግር አንድ ማይል ያህል ነው። የማታውን ጨዋታ ከመረጥህ የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሆነ አይተህ ሂድ።

ቦርሳ ግልጽ ፕላስቲክ ካልሆነ በር ላይ ይመልሱሃል፤ ከ12 በ6 በ12 ኢንች መብለጥ የለበትም። ከሌለህ አንድ ጋሎን የሚይዘው የፍሪጅ ላስቲክ ይፈቀዳል።

እህት ከሲያትል

ሲያትልም ወደ እናንተ ከመጣ ሰማያዊ ለብሳችሁ ጠብቁን።